የተበጠሰው የጉልበት ጅማት ለምን አይሰፋም? ጉልበቱስ በምን ይጸናል?

ጠያቂው የላኩት ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዕድሜያቸው 29 ነው። ከሰባት ወር በፊት ኳስ ሲጫወቱ እግራቸው መሬት ረግጦ ሳለ ሰውነታቸው ዞረ፤ ጉልበታቸው ውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማቸው፤ ጥቂት ሰዓት ሳይቆይም ጉልበቱ አበጠ። በኤምአርአይ ምርመራ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ሙሉ በሙሉ መበጠሱ፣ የውስጠኛው ሜኒስከስም (በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል ያለው ትራስ መሰል ንጣፍ) በኋላው በኩል መሰንጠቁ ታይቷል። ዕብጠቱ ከጠፋ ወዲህ ቀጥ ብለው ሲራመዱ ምንም አይሰማቸውም፤ ድንገት ሲዞሩና ደረጃ ሲወርዱ ግን ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ሐኪማቸው «ጅማቱ አይሰፋም፤ በሌላ ጅማት ይተካል» ብሏቸዋል። ጥያቄያቸው ሦስት ነው፦ የራሴ ጅማት ለምን አይሰፋም? ከቀዶ ሕክምናው በኋላስ ጉልበቴ እንደ ቀድሞው ይጸናል ወይ? ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ጓደኛዬ «የተተከለልህ ጅማት ደህና ነው» እየተባለ ጉልበቱ አሁንም የሚከዳው ለምንድን ነው?

ከሦስቱ ይበልጥ የሚጠቅመው የጓደኛዎ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ሰፊውን ቦታ ለእሱ እሰጣለሁ። ነገር ግን የእሱን ለመረዳት የመጀመሪያውን ማወቅ ስለሚያስፈልግ በቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት፣ በተለምዶ ኤሲኤል የሚባለው፣ ከጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ ተነሥቶ በቅልጥም አጥንት አናት ላይ በፊት በኩል የሚያርፍ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው አጭር ጅማት ነው። ሥራው የቅልጥም አጥንት ከጭን አጥንት ሥር ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ወደ ውስጥ ከመጠን በላይ እንዳይጠመዘዝ መያዝ ነው። ችግሩ ያለበት ቦታ ነው። በሌላ የሰውነት ክፍል ጅማት ሲበጠስ በሁለቱ ጫፎች መካከል ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ለአዳዲስ ሕዋሳት መሸጋገሪያ ድልድይ ይሆንና ቀስ በቀስ ጫፎቹን የሚያያይዝ ጠባሳ ይፈጠራል። ኤሲኤል ግን በመገጣጠሚያው መሃል፣ በፈሳሽ ተከቦ የሚገኝ በመሆኑ የመገጣጠሚያው ፈሳሽና በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች የረጋውን ደም ያሟሙታል፤ ጫፎቹም ተራርቀው ይቀራሉ። በዚያው ጉልበት ላይ ያለው የውስጠኛው የጎን ጅማት ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውጭ ያለና ደም በደንብ የሚያገኝ ስለሆነ ሲበጠስ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በመደገፊያና በእንቅስቃሴ ብቻ በሳምንታት ውስጥ ይድናል። ስለዚህ «የጉልበት ጅማት ተበጥሷል» ማለት ብቻውን ለሐኪም ብዙ አይነግረውም፤ የትኛው ጅማት፣ የት ቦታ ላይ፣ ከምን ጋር የሚለው ነው ውሳኔውን የሚለውጠው።

መስፋቱ ሳይሞከር የቀረ አይደለም። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ሜዮ ሮብሰን እ.ኤ.አ. በ1895 የአንድ ማዕድን ቆፋሪ የተበጠሱ መስቀለኛ ጅማቶችን ሰፍቶ ነበር። ሄይ ግሮቭስ ደግሞ በ1917 መስፋቱን ትቶ ከጭን ጎን ከሚገኘው ጠንካራ ሽፋን በተወሰደ ጥብጣብ ጅማቱን የመተካት ዘዴ አሳተመ። መስፋት ግን ለረጅም ዓመታት ቀጠለ፤ በሰፊው መተው የጀመረው ፊጊንና ከርል የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1976 የአምስት ዓመት ክትትላቸውን ካወጡ በኋላ ነው። ጅማታቸው የተሰፋላቸው ወጣት የወታደራዊ አካዳሚ ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደህና መስለው፣ በአምስተኛው ዓመት የብዙዎቹ ጉልበት የሚከዳ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ የመስፋት ሐሳብ በተሻለ መልኩ ተመልሷል። ጅማቱ ከመሃሉ ሳይሆን ከጭን አጥንት ላይ ተነቅሎ ከሆነና ጉዳቱ ትኩስ ከሆነ በተመረጡ ሰዎች ላይ መልሶ ማያያዝ ይቻላል። ከከብት ኮላጅን የተሠራና በሕመምተኛው ደም የተነከረ ስፖንጅ መሰል ነገር በጫፎቹ መካከል በማስቀመጥ ደሙ እንዳይሟሟ የሚያደርግ ዘዴም በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2020 መጨረሻ ተፈቅዷል። ፈቃዱ ሲሰጥ ግን ጉዳቱ ከደረሰ በ50 ቀናት ውስጥ እንዲሠራ ተብሎ ነው። እርስዎ ሰባት ወር ሆኖዎታል። በዚህ ጊዜ ወደ ጉልበቱ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ሲታይ የተለመደው ነገር የጅማቱ ጉቶ አጥሮና ሟሙቶ፣ ወይም ወደ ኋላ ወድቆ በኋለኛው መስቀለኛ ጅማት ላይ ተለጥፎ መገኘቱ ነው፤ የሚሰፋ ነገር የለም። ሐኪምዎ የነገሩዎት ትክክል ነው።

አሁን ወደ ጽናቱ እንምጣ። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ዘወትር ይደባለቃሉ፤ አንዱ የጉልበት መላላት፣ ሌላው የጉልበት መክዳት ነው። መላላት ሐኪሙ በእጁ የሚለካው ነው፤ መክዳት ደግሞ ታካሚው ቆሞ ሲሄድ የሚደርስበት ነው።

መላላቱን የምንፈትነው እንዲህ ነው። ታካሚው በጀርባው ይተኛል፤ ጉልበቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ይታጠፋል። በአንድ እጄ ጭኑን ከጉልበቱ በላይ አጥብቄ እይዛለሁ፤ በሌላው እጄ ቅልጥሙን ከኋላ ይዤ ወደ ፊት እስባለሁ። ጤነኛው ጉልበት ጥቂት ሚሊ ሜትር ይመጣና ድንገት ይቆማል፤ መቆሙ ለእጅ በግልጽ ይታወቃል። የተበጠሰበት ጉልበት ግን ልስልስ እያለ ይመጣል እንጂ ያ መቆሚያ የለውም። ላክማን የሚባለው ይህ ምርመራ በሠለጠነ እጅ ብዙ ጊዜ ከፎቶው ቀድሞ ነገሩን ይናገራል። ሁለተኛው ምርመራ መጠምዘዙን የሚፈትን ነው። የተዘረጋው እግር ወደ ውስጥ ተጠምዝዞና ከውጭ በኩል እየተገፋ በቀስታ ይታጠፋል፤ 30 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወደ ፊት ተንሸራትቶ የነበረው የቅልጥም አጥንት ድንገት ወደ ቦታው ተመልሶ ይገባል። በዚህ ቅጽበት ታካሚዎች «እሱ ነው! ስዞር የሚሰማኝ እሱ ነው!» ይላሉ። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ጡንቻቸውን ስለሚያጠነክሩ ምርመራውን መድገም ያስቸግራል፤ ስለዚህ ቀዶ ሐኪሞች ታካሚው በማደንዘዣ ከተኛ በኋላ፣ ቢላዋ ሳይነሣ በፊት፣ እንደገና ይፈትኑታል።

በላክማን የላላ ጉልበት ሁሉ አይከዳም። ከጅማቱ በተጨማሪ ሜኒስከሶቹ፣ የመገጣጠሚያው ከረጢት፣ የጎን ጅማቶቹ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጭን ጡንቻዎች በትክክለኛው ቅጽበት መኮማተራቸው ጉልበቱን ይይዛሉ። በስዊድን በ121 ወጣቶች ላይ የተደረገና ውጤቱ በ2010 የወጣ ጥናት ግማሾቹን በፍጥነት ቀዶ ሕክምና አድርጎ፣ ሌሎቹን በፊዚዮቴራፒ ጀምሮ ካስፈለገ ብቻ ወደ ቀዶ ሕክምና አስገባ። በአምስተኛው ዓመት በፊዚዮቴራፒ ከጀመሩት ግማሽ ያህሉ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልጋቸው ቀርተዋል፤ በጉልበታቸው ሁኔታም በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ይህን ጥናት እየጠቀሱ «ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙዎታል። በእርስዎ ጉዳይ ግን አልስማማም። ያ ጥናት ትኩስ ጉዳት የነበረባቸውን ነው የመለመለው። በእንግሊዝ በ316 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2022 የወጣው ጥናት ግን እንደ እርስዎ ወራት ያለፉባቸውንና ጉልበታቸው እየከዳ ያስቸገራቸውን የያዘ ነበር፤ በዚህኛው ቀዶ ሕክምናው የተሻለ ውጤት አሳይቷል፤ በፊዚዮቴራፒ ከጀመሩት 41 ከመቶውም በኋላ ቀዶ ሕክምና አድርገዋል።

የሜኒስከሱም ነገር አለ። የውስጠኛው ሜኒስከስ የኋላ ክፍል፣ ኤሲኤል ሲጠፋ የቅልጥም አጥንት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚይዘው ሁለተኛው ዘብ ነው። ጉልበትዎ በከዳ ቁጥር ሸክሙ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ዛሬ ሊሰፋ የሚችል ስንጥቅ ከጥቂት መክዳት በኋላ የማይሰፋ ብጥስጣሽ ሊሆን ይችላል። ሜኒስከሱ ተቆርጦ ከወጣ ደግሞ የሚተከለው አዲስ ጅማት ያለ ረዳት ይቀራል፤ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ ሽፋን (ካርቲሌጅ) መበላትም ይፋጠናል። እኔ በእርስዎ ቦታ ላለ ሰው ቀዶ ሕክምናን የምመክረው ከኤሲኤሉ ይልቅ ለዚህ ሜኒስከስ ስል ነው።

ቀዶ ሕክምናው የሚደረገው ጉልበቱ ካላበጠ፣ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋና የጭን ጡንቻው ከተመለሰ በኋላ ነው። ተተኪው ጅማት ብዙውን ጊዜ ከራስዎ ይወሰዳል፦ ከጉልበቱ ሎሚ (ከፊተኛው ክብ አጥንት) በታች ካለው ጅማት መካከለኛው ሲሶ ከሁለት የአጥንት ቁራጮች ጋር፣ ወይም ከጭን የኋላ ጡንቻዎች ጅማት፣ ወይም ከሎሚው በላይ ካለው። የመጀመሪያው አጥንት ከአጥንት ጋር ስለሚገጥም ቶሎ ይይዛል፤ በምትኩ ተንበርክኮ መቆም ለረጅም ጊዜ ሊያሳምም ይችላል። ከጭን ኋላ የሚወሰደው ቁስሉ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ታጥፎ ሲዘጋጅ ውፍረቱ ከ8 ሚሊ ሜትር ካነሰ፣ በተለይ በወጣቶች ላይ፣ ዳግም የመበጠስ ዕድሉ ከፍ ይላል። ከሟች ለጋሽ የሚወሰድ ጅማት በወጣትና በስፖርተኛ ላይ ከራስ ከሚወሰደው ይልቅ ይበጠሳል። ሰው ሠራሽ ጅማቶች በ1980ዎቹ በብዛት ተሞክረው ተሰባብረዋል፤ ፍርፋሪያቸውም መገጣጠሚያውን አስቆጥቷል።

ታካሚዎች ስለ ጅማቱ ምንጭ ብዙ ይጠይቃሉ፤ ስለ ቀዳዳው ቦታ ግን የጠየቀኝ የለም ለማለት እደፍራለሁ። በእኔ ግምገማ ግን ውጤቱን ይበልጥ የሚወስነው ይህ ነው። ተተኪው ጅማት የሚያልፍባቸው ሁለት ቀዳዳዎች በቅልጥምና በጭን አጥንት ውስጥ ይበሳሉ፤ ጅማቱ በብሎን ወይም በማንጠልጠያ ይታሰራል። የጭን አጥንቱ ቀዳዳ የተፈጥሮው ጅማት ከነበረበት ወደ ላይና ወደ ፊት ካፈነገጠ፣ ጅማቱ እንደ ተፈጥሮው መጋደሙ ቀርቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የቆመ ጅማት ቅልጥሙን ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይይዛል፤ እንዳይጠመዘዝ ግን አይዝም።

የጓደኛዎ ጥያቄ የሚፈታው ከዚህ ነው። «ጅማቱ ደህና ነው» ሲባል ኤምአርአዩ ላይ ያልተበጠሰ ጅማት ታይቷል ማለት ነው እንጂ ሥራውን ይሠራል ማለት አይደለም። መጀመሪያ የማየው ላክማኑ ጠንካራ ሆኖ የመጠምዘዝ ምርመራው ይከዳ እንደሆነ ነው፤ ከሆነ የቀዳዳዎቹን ቦታ በሲቲ ስካን አረጋግጣለሁ። ቀጥሎ በመጀመሪያው ጉዳት ጊዜ ሳይታወቅ የቀረ ሌላ የተበጠሰ ጅማት መኖሩን እፈትሻለሁ። ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው የጉልበቱ የኋላ ውጭ ማዕዘን ነው። በዚህ ማዕዘን ያሉት ጅማቶች ተበጥሰው ኤሲኤል ብቻ ከተተካ፣ አዲሱ ጅማት የሁለቱን ሸክም ብቻውን ይሸከምና ውሎ አድሮ ይላላል። ሦስተኛው ሜኒስከሱ ነው፤ ከውስጠኛው ሜኒስከስ ብዙው ተቆርጦ ከሆነ መላላቱ ይብራራል። አራተኛው የቅልጥም አጥንት አናት ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቅበት ልክ ነው፤ በጎን ራጅ ሲለካ ከ12 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ሰውየው እግሩን በረገጠ ቁጥር ቅልጥሙ ወደ ፊት ይገፋል፤ በተደጋጋሚ በሚበጠስባቸው ሰዎች ላይ አጥንቱን ቆርጦ ማስተካከል የሚታሰበውም ለዚህ ነው።

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ጉልበቱ ሊከዳ ይችላል፤ እንዲያውም ይህ ሳይዘወተር አይቀርም። ጉልበት ሲጎዳና ሲያብጥ ወደ ነርቭ ሥርዓት የሚላከው መልእክት የጭን የፊት ጡንቻ ሙሉ በሙሉ እንዳይኮማተር ያግደዋል። ታካሚው «ጨብጠው» ሲባል ይሞክራል፤ ጡንቻው ግን ይንቀጠቀጣል እንጂ አይጠነክርም። ዕብጠቱ ከሄደ በኋላም ዕገዳው ለወራት ሊቆይ ይችላል። ደረጃ ሲወርዱ ሰውነትን የሚይዘው ይህ ጡንቻ ስለሆነ፣ ደካማ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ፊት ይታጠፋል፤ ሰውየውም ጅማቱ የከዳው ይመስለዋል። ልዩነቱን ጥያቄ ይለየዋል። ሲዞር አጥንት ከአጥንት ላይ የመንሸራተት ስሜት ካለ የጅማት ነገር ነው፤ ደረጃ ሲወርድ ወይም ከወንበር ሲነሣ ጉልበቱ ድንገት የሚታጠፍ ከሆነ ጡንቻው መጀመሪያ ይመርመር። ጓደኛዎ የጭኑን ዙሪያ ከጉልበቱ ሎሚ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በሜትር ቢለካና ከጤነኛው ጋር ቢያስተያየው ብዙ ይማራል። እንደገና ወደ ቀዶ ሕክምና ከመሄዱ በፊት የጡንቻው ጥንካሬ በመሣሪያ ይለካለት።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሴ፦ ቀዶ ሐኪሙ ጉልበትዎ እንዳይላላ ማድረግ ይችላል፤ እንዳይከዳ የሚያደርጉት ግን ቀጣዮቹ ወራት ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዋናው ግብ ጉልበቱ እንደ ጤነኛው ሙሉ በሙሉ መዘርጋቱ ነው። መታጠፉ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ መዘርጋቱ ካመለጠ ግን በመገጣጠሚያው ፊት ጠባሳ ይሞላና ዳግም በካሜራ ማጽዳት ሊያስፈልግ ይችላል። ሜኒስከሱ ከተሰፋ ሐኪምዎ ለአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳያጥፉ ሊከለክልዎ ይችላል፤ ጓደኛዎ በዚያ ጊዜ ያደርግ የነበረውን አይመልከቱ።

የሚያሳስተው ሦስተኛው ወር ነው። የተተከለው ጅማት በተተከለበት ቀን ጠንካራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን የራሱ ሕዋሳት ሞተው በአዲስ ደም ሥርና በአዲስ ሕዋሳት ሲተኩ ይደክማል፤ ከስድስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ባለው ጊዜ በጣም ደካማ ነው። ሕመሙ የጠፋውና ሰውየው «ድኛለሁ» የሚለው ደግሞ ልክ በዚሁ ጊዜ ነው። ሩጫ በቀጥታ መስመር ብዙውን ጊዜ ከሦስተኛና ከአራተኛ ወር በኋላ፣ ጡንቻው ከፈቀደ ይጀመራል። ወደ ኳስ መመለስ ግን ከዘጠነኛው ወር በፊት አይሆንም። በኖርዌይ በተደረገና በ2016 በታተመ ጥናት፣ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት መጠኑ በግማሽ ያህል ቀንሷል።

ወሩ ብቻውንም አይበቃም። የተጎዳው እግር ጡንቻ ጥንካሬና በአንድ እግር የሚዘለለው ርቀት ከጤነኛው ቢያንስ 90 ከመቶ መድረስ አለበት። እዚህ ላይ አንድ ማጭበርበሪያ አለ፤ ጤነኛው እግርም በእነዚያ ወራት ተኝቶ ስለከረመ ይደክማል፤ ሁለት ደካማ እግሮችን አስተያይቶ 90 ከመቶ ማግኘት ቀላል ነው። ስለዚህ ጤነኛው እግርዎ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ አሁን፣ ይለካ። ልዩ ልዩ ጥናቶችን በአንድ ላይ ያየ የ2014 ግምገማ እንደሚያሳየው ወደ ውድድር ደረጃ የሚመለሱት 55 ከመቶ ገደማ ናቸው፤ ካልተመለሱት ብዙዎቹን ያስቀራቸው የጅማቱ መላላት ሳይሆን ዳግም እጎዳለሁ የሚለው ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ በማበረታቻ ቃል አይለቅም፤ በፊዚዮቴራፒስት ፊት ዘልሎ በማረፍና እየሮጡ አቅጣጫ በመለወጥ ነው የሚለቀው።

ለሐኪምዎ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ የሜኒስከሱ ስንጥቅ የሚሰፋ ነው ወይስ የሚቆረጥ? ሁለተኛ፣ የመጠምዘዝ ምርመራው ከፍተኛ ከሆነ በጉልበቱ ውጭ በኩል ተጨማሪ ማጠናከሪያ ያደርጉልኝ ይሆን? ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 25 በሆኑ 618 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2020 የወጣ ጥናት ይህ ማጠናከሪያ የተተከለው ጅማት የመበጠስ መጠንን ከ11 ወደ 4 ከመቶ ዝቅ እንዳደረገ አሳይቷል፤ እርስዎ ከዚያ ዕድሜ ጥቂት ስላለፉ ውሳኔው በምርመራው ግኝት ላይ የተመሠረተ ይሆናል። እስከዚያው ኳስና ድንገተኛ መዞር ይቅር፤ ብስክሌት መንዳት፣ መዋኘትና የጭን ጡንቻ ማጠንከሪያ ይቀጥሉ። በዚህ መካከል ጉልበትዎ ታጥፎ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ የተሰነጠቀው ሜኒስከስ በአጥንቶቹ መካከል ገብቶ ሊሆን ስለሚችል የቀጠሮዎን ቀን ሳይጠብቁ በቀናት ውስጥ ይታዩ።